እናቴ ኤስካሌተር ላይ ከወደቀች ወዲህ ከቤት መውጣት ተወች

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ዊተን በሚባለው ሰፈር የምኖር የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ መጣች። ዕድሜዋ 68 ነው። አገሯ ሳለች ገበያውንም፣ ለቅሶውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም በእግሯ የምታዳርስ፣ ማንም እንዲደግፋት የማትፈልግ ሴት ነበረች። እዚህም ከመጣች ጀምሮ ለእኔ ገንፎውን፣ ለልጄ እጥበቱን፣ ለባለቤቴ ምሳውን ሳታጓድል አምስት ወር ሙሉ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ባለቤቴ ሥራ ስለ ገባ መኪና አልነበረንም፤ ለቅዳሴ ወደ ዋሽንግተን በባቡር ለመሄድ ወደ ዊተን ሜትሮ ጣቢያ አመራን። አሳንሰሩ ጋ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ስለ ረፈደብን በኤስካሌተሩ እንውረድ አልኩ። እማዬ አፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ደረጃው ከእግሬ ሥር እንደ ውሃ ይሸሻል፤ እኔ በዚህ አልወርድም» አለች። ከኋላችን ሰው ተጠራቀመ፤ አንዱም እኛ እንድንሰማው በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ በአንድ እጄ የልጄን ጋሪ ይዤ ነበር፤ በሌላው ክንዷን ያዝኩና «ነይ እንጂ እማዬ፣ ሰው እያየን ነው፤ ይህን እኮ ሕፃን ልጅ ይወርደዋል» ብዬ ሳብኳት። እግሯን እንዳሳረፈች ተንገዳገደችና በጉልበቷ ወደቀች። ከኋላችን የነበረ አንድ ወጣት ትከሻዋን ይዞ ባያስቀራት ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር ማሰብ አልፈልግም። ታች ስንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ጸሎቴን እዚሁ አደርሳለሁ» ትላለች። ወደ ገበያ ማዕከል እንሂድ ስላትም እምቢ ትላለች። አንዳንዴ «አገሬ መልሱኝ» ማለት ጀምራለች። ባለቤቴ ኤስካሌተር የሚባል ነገር ደግመሽ እንዳታሳያት ይለኛል። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ ልጄን ይዛ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደምትኖረው አክስቴ በባቡር ደርሳ እንድትመለስ አስቤ ነበር። አሁን ካልለመደች መቼም ላትለምደው ነው፤ የቤት እስረኛ ሆና ልትቀር ነው ብዬ እሰጋለሁ። በግድ ላለማምዳት ወይስ ልተዋት? እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ልጇ ነኝ፣ ከዊተን

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ ጥያቄሽ የሚያሳፍር አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ብቻ በአገሪቱ 11,000 ያህል ሰዎች በኤስካሌተር እንደ ተጎዱ ገምቶ፣ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው በመውደቅ መሆኑን ገልጾ ነበር። ስለዚህ በእናትሽ ላይ የደረሰው ነገር ከባላገርነት የመጣ አይደለም፤ ኤስካሌተር እያዩ ባደጉ ሰዎች ላይም በየዕለቱ የሚደርስ ነው። እናትሽ ግን ይህን አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት በሰው ፊት መውደቃቸውን፣ ከመውደቃቸው በፊትም ከገዛ ልጃቸው «ሕፃን ልጅ ይወርደዋል» የሚል ቃል መስማታቸውን ነው። ከጉልበታቸው ይልቅ ይህ ቃል ሳያማቸው እንዳልቀረ አንቺም የተረዳሽው ይመስለኛል፤ እንቅልፍ የነሣሽም እሱ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ እናትሽ የፈሩት ነገር በእርግጥም የሚያስፈራ መሆኑን አብረን እንቀበል። አንቺ በየቀኑ ስለምትመላለሺበት ዓይንሽ ለምዶት ይሆናል እንጂ፣ የዊተን ጣቢያ ኤስካሌተር ተራ ኤስካሌተር አይደለም። ርዝመቱ 70 ሜትር ነው፤ ሳይቆራረጡ በአንድ ወጥ ከተሠሩት መካከል በመላው የአሜሪካ አህጉር የሚስተካከለው የለም። ከላይ እስከ ታች ያለው ከፍታ 35 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አፉ ላይ የቆመ ሰው ወደ ታች የሚያየው ከአሥር ፎቅ ሕንጻ አናት ላይ ቆሞ የሚያየውን ያህል ጥልቀት ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው ታች እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ያልፈዋል። አዲስ አበባ የገበያ ሕንጻዎች ውስጥ ያሉት ኤስካሌተሮች ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላው ብቻ የሚያሻግሩ ናቸው፤ እናትሽ እነሱንም ቢሆን ስንት ጊዜ ረግጠዋቸው ያውቃሉ? አንድ ሰው ኤስካሌተርን የሚለማመድበት ቦታ ምረጡ ብንባል፣ የመጨረሻው ምርጫችን ሊሆን የሚገባው እሳቸው የጀመሩበት ቦታ ነው።

ፈሪም ተብለው የሚናቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1898 ለንደን ውስጥ ሐሮድስ የተባለው ትልቅ መደብር የመጀመሪያውን ተንቀሳቃሽ መወጣጫ ሲተክል፣ የመደብሩ ሠራተኞች አናቱ ላይ ቆመው፣ ተሳፍረው ለወጡና ለደነገጡ ደንበኞች ማረጋጊያ የሚሆን ኮኛክ ይሰጡ እንደ ነበር ተጽፏል። እነዚያ ደንበኞች የለንደን ባለጸጎች ነበሩ። ሰውነታችን ከልጅነት ጀምሮ ወለል የማይንቀሳቀስ ነገር መሆኑን ተምሮ ስላደገ፣ ወለሉ ሲሄድበት እግሩን ቢሰበስብ ጤነኛነቱን ያሳያል እንጂ ድክመቱን አያሳይም።

የወደቁበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ኤስካሌተር አፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃዎች ተስተካክለው፣ እንደ ወለል ለጥ ብለው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው አንደኛው ከሌላው ዝቅ እያለ ደረጃ የሚሠራው። የደረጃዎቹ ጠርዝ ቢጫ መስመር የሚቀባው የት ላይ እንደሚለያዩ ለማሳየት ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው እግሩን መስመሩ ላይ ያሳርፋል፤ ሁለት እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ተረከዙ ያለበት ደረጃ ከላይ ሲቀር ጣቶቹ ያሉበት ደረጃ ወደ ታች ይሄድበታል። በዚያ ላይ ክንዱን ሌላ ሰው ይዞ ሲስበው እጁ መደገፊያውን መያዝ አይችልም። «ደረጃው ከእግሬ ሥር ይሸሻል» ማለታቸው ልክ ነበር፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

እዚህ ላይ ጥቂት ነገሮች ብጠይቅሽ ደስ ይለኛል። እናትሽ መነጽር ያደርጋሉ? ታችኛው ክፍሉ ለንባብ፣ ላይኛው ለሩቅ የተሠራ መነጽር ከሆነ፣ ወደ እግራቸው ሲያዩ በንባቡ ክፍል ስለሚያዩ ወለሉ ይደበዝዝባቸዋል፤ ወደ ታች የሚሄድ ኤስካሌተር ደግሞ ከምንም በላይ የእግርን አካባቢ አጥርቶ ማየትን ይጠይቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ከመቀመጫቸው ሲነሡስ ዓይናቸውን ጭልም ያደርጋቸዋል? ቤት ውስጥ ያለውን ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ይይዛሉ? ከወደቁስ በኋላ ጉልበታቸውን ሐኪም አይቶላቸዋል? ከእነዚህ መካከል አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ፣ ስለ ልምምድ ከማሰባችን በፊት ሐኪም ዘንድ መድረስ ይቀድማል። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ሕመማቸውን ይሸሽጋሉ፤ ስለዚህ «አሞሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሲቀመጡና ሲነሡ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ አንቺ በጥያቄሽ ውስጥ ስላላነሣሽው ነገር ልናገር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ለአንቺም ለልጅሽም አላሰብኩም ማለት ነውና። በዚያ እሑድ ኤስካሌተሩ ላይ ከሁሉ ይልቅ አደጋ ላይ የነበረችው ጋሪው ውስጥ ያለችው ሕፃን ናት። አራት ጎማ ያለው ጋሪ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው አንድ ደረጃ ላይ አይቆምም፤ በሁለት ጎማው ተንጠልጥሎ፣ በአንድ ሰው እጅ ኃይል ብቻ ሚዛኑን ጠብቆ ነው የሚሄደው። አንቺ ደግሞ ያ አንድ እጅሽ ጋሪውን ሲይዝ ሌላው እናትሽን እየሳበ ነበር፤ መደገፊያውን የያዘ እጅ አልነበረሽም። ኤስካሌተሩ በድንገት ቢቆም፣ ወይም እናትሽ ወደ አንቺ ዘንበል ብለው ቢወድቁ፣ ጋሪውን ይዞ የሚያስቀር ነገር አልነበረም። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ብዙ ወላጆች እንደ አንቺ ሲያደርጉ እናያለን፤ ብዙ ጊዜም በሰላም ይደርሳሉ። እኔ ግን በዚህ ነገር ላይ መሐል ቤት የለኝም፤ ጋሪ በኤስካሌተር አይወሰድም፤ ታጥፎ በእጅ ካልተያዘና ሕፃኗን ሌላ ሰው ካልያዘ በስተቀር። የጋሪ መንገድ አሳንሰር ነው። ይህን ደግሞ እንደ ተጨማሪ ሸክም አትይው፤ እንዲያውም ያስጨነቀሽን ነገር ግማሹን ይፈታልሻል። ልጅሽ በጋሪ እስካለች ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ በአሳንሰር የሚወርደው ለሕፃኗ ሲባል እንጂ «እማዬ ስለ ፈራች» አይሆንም።

በአሳንሰር መሄድን እንደ ሽንፈት ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ከእናንተ ቀጥሎ ያለውን የፎረስት ግሌን ጣቢያ አስቢው። ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ስላለው፣ መሐንዲሶቹ ከመንገዱ እስከ ባቡሩ የሚያወርድ ኤስካሌተር ጨርሶ አልሠሩለትም፤ ወጣቱም፣ ሯጩም፣ ሽማግሌውም በአሳንሰር ይወርዳል፤ ማንም ማንንም አይታዘብም። እናትሽ የዊተኑን ኤስካሌተር መቼም ባይረግጡት የሚጎድልባቸው ነገር የለም። ባለቤትሽ በዚህ በኩል እውነት አለው። ነገር ግን «ደግመሽ እንዳታሳያት» ብሎ እሱም በራሱ መወሰኑ፣ ልክ እንደ አንቺ መጎተት፣ እናትሽን ሳይጠይቁ ስለ እናትሽ መወሰን ነው። ሁለታችሁም የምትነጋገሩት ስለ እሳቸው ነው እንጂ ከእሳቸው ጋር አይደለም። መማር ይፈልጋሉ? ወይስ አይፈልጉም? በደብዳቤሽ ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አላገኘሁም።

ከመጠየቅሽ በፊት ግን ይቅርታው ይቅደም። ቀለል ባለ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስትደርሱ፣ ባለቤትሽም በሌለበት፣ «እማዬ፣ ያን እሑድ ሰው አየን ብዬ አጣደፍኩሽ፤ የተናገርኩሽም ቃል ለአንቺ የሚገባ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ» በያቸው። «ግን» የሚል ቃል አትጨምሪበት፤ ስለ መርፈዱም፣ ስለ ሰልፉም አታንሺ። ምናልባት «ምን ሆነና ልጄ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» ይሉሽ ይሆናል። እናቶቻችን እንዲህ ናቸው፤ ረሳሁት ስላሉ ግን ረስተውታል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ትንሽ ዝም ብለሽ ጠብቂ። የሚናገሩት ካላቸው ሳታቋርጪ ስሚ። «አገሬ መልሱኝ» የሚለውም በዚያው ሊነሣ ይችላል፤ ከኤስካሌተሩ ጋር ጨርሶ ያልተያያዘ ናፍቆት ሊሆን ይችላልና፣ ኤስካሌተር በማስለመድ ልትፈውሺው አትሞክሪ። አምስት ወር ሙሉ ሌላውን ሲያገለግሉ የቆዩ ሴት ናቸው፤ ሰው የሚያገኙበት፣ የሚጫወቱበት ቀን የነበራቸው እሑድ ብቻ ከነበረ፣ እሱ ሲቀር ሁሉም ነገር ቀርቶባቸዋል።

ጠይቀሻቸው «አልፈልግም» ካሉ፣ ነገሩ በዚሁ ይብቃ። ከልብሽ ተቀበይው፤ በየሳምንቱም አታንሺባቸው። «እስቲ ልሞክረው» ካሉ ደግሞ የሚከተለው ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ልምምዱን ዊተን ጣቢያ አትጀምሩት። አንድ ፎቅ ብቻ የሚያወጣ አጭር ኤስካሌተር ያለበት የገበያ ማዕከል ምረጡ፤ በሥራ ቀን፣ ጠዋት በሩ እንደ ተከፈተ ሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ከኋላ ሆኖ የሚተነፍስባችሁ ሰው አይኖርም። ሕፃኗ ከባለቤትሽ ጋር ቤት ትቆይ። የመጀመሪያውን ቀን ጨርሶ አለመሳፈርም ይቻላል፤ ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ ሰው እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ተመልከቱ፤ ቢጫው መስመር ከወለሉ ሥር ሲወጣ፣ ሁለቱ ደረጃዎች ሲለያዩ አሳያቸው። እናትሽ አንድ ነገር ሲገባቸው ፍርሃታቸው የሚቀንስላቸው ዓይነት ሰው ከሆኑ ይህ ብቻውን ብዙ ይረዳል።

ሲጀምሩ ወደ ላይ በሚወጣው ይጀምሩ። ሲወጡ ከፊታቸው ያለው ደረጃ ነው፤ ሲወርዱ ግን ከፊታቸው ባዶ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ልብሳቸውን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ሐበሻ ቀሚስ ከለበሱ ጥለቱ መሬት እንዳይጠርግ በግራ እጃቸው ከፍ ያድርጉት፤ ነጠላውን ካጣፉ በኋላ ጫፎቹ ከጉልበት በታች እንዳይንጠለጠሉ ይቋጥሩት። ጫማቸው ተረከዝን የሚይዝ፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ይሁን። ከላይ የጠቀስኩት የ2008 ማሳሰቢያ፣ ኤስካሌተር የያዛቸው ጫማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደ ክሮክስ ያሉ ለስላሳ የጎማ ክፍት ጫማዎችና ሸበጦች እንደ ነበሩ ይናገራል፤ ልጅሽም መራመድ ስትጀምር ይህን አስታውሺ። በደረጃው ግራና ቀኝ፣ ግድግዳው ሥር የሚታየው ረጅም ብሩሽ ጫማ መጥረጊያ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ የተሠራው ግን እግር ወደ ጠርዙ እንዳይጠጋ ለማድረግ ነው፤ ደረጃና ግድግዳ በሚገናኙበት ክፍተት ነው ጫማም ልብስም የሚያዘው። ስለዚህ እግራቸው ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ በሁለቱ ቢጫ መስመሮች መካከል ይረፍ።

አንቺ ክንዳቸውን አትያዢ። መያዝ ከፈለጉ እሳቸው አንቺን ይያዙ፤ ሲፈልጉ መልቀቅ እንዲችሉ። ቀኝ እጃቸው ባዶ ይሁንና መጀመሪያ መደገፊያውን ይንካ፤ መደገፊያው ከደረጃው ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ እጅ ሲሄድ እግርም ለመከተል ይቀለዋል። ከዚያ አንድ እግር፣ ወዲያው ሁለተኛው እግር፣ በዚያው ደረጃ ላይ። መቁጠሩ ከረዳቸው ደረጃዎቹ ብቅ ሲሉ ይቁጠሩ። ሲወጡ አንቺ ከእሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለሽ ከኋላ ቁሚ። መውረድ የሚለማመዱበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ባለቤትሽ ያስፈልጋል፤ አንዳችሁ ከፊት፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁ፣ ሌላችሁ ከኋላ። ከፊት የገባው ሰው ሲወርድ እናትሽ ሐሳባቸውን ቀይረው ላይ ቢቀሩ ምንም አይደለም፤ የወረደው ተመልሶ ይወጣል፤ «ለምን ቀረሽ?» የሚላቸው ሰው ግን አይኑር። አንዴ ከገቡ በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስ እንዳይሞክሩ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው መውጫው ላይ ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ደረጃዎቹ እንደገና ለጥ ይሉና ጥርስ ባለው ሰሌዳ ሥር ይገባሉ። ያኔ ዓይን ከስልክም፣ ከጨዋታም ተነቅሎ ወደ ፊት ያይ፤ እግር ሳይጎተት ከፍ ብሎ ሰሌዳውን ይለፈው፤ ከወረዱም በኋላ ጥቂት እርምጃ ሄደው ነው መቆም ያለባቸው። እናትሽ «ተመስገን» ብለው እዚያው አፉ ላይ ቢቆሙ ከኋላቸው ያለው ሰው ማቆሚያ የለውም። ደስታውን ራቅ ብላችሁ ተደሰቱት።

ከኋላ ስለሚቸኩለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ያን እሑድ አንቺን ያጣደፈሽ እሱ ነውና። በዋሽንግተን ሜትሮ በቀኝ መቆም፣ በግራ ደግሞ ለሚራመድ መንገድ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ልማድ ነው እንጂ እናንተን የሚያስገድድ ሕግ አይደለም። እንዲያውም በጃፓን የሳይታማ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ሰው ኤስካሌተር ላይ ቆሞ እንዲሄድ የሚያዝ ደንብ በሥራ ላይ አውሏል፤ ምክንያቱም የሚሮጠው ሰው ቆሞ የሚሄደውን አረጋዊ እየገፋ መጣሉ ነው። አፉ ላይ ከቆማችሁና ሰው ከተጠራቀመ፣ «ይቅርታ» ብላችሁ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉና አሳልፏቸው። የማያውቁት ሰው አንድ ጊዜ ቢያጉረመርም ባቡሩን አያሳጣችሁም፤ ቢያሳጣችሁም ሌላ ይመጣል።

እናትሽ ቢማሩም ባይማሩም፣ አንቺና ባለቤትሽ ልታውቁት የሚገባ ነገር ደግሞ አለ። በኤስካሌተር ላይኛውና ታችኛው ጫፍ፣ ከመደገፊያው አካባቢ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታልፊ የት እንዳለ በዓይንሽ ፈልጊው። ሰው ከወደቀ ወይም ልብስ ከተያዘ፣ «መደገፊያውን ያዙ!» ብሎ ጮክ ብሎ ማስጠንቀቅና ቁልፉን መጫን ነው፤ በድንገት ሲቆም ቆሞ የሚሄደውም ሊወድቅ ስለሚችል ማስጠንቀቂያው ይቅደም። ነጠላ ከተያዘ ነጠላው ይሂድ፤ ለጨርቅ ተብሎ ከማሽን ጋር ጉተታ አይገጠምም፤ ይህን ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ነጠላቸው ያሳሳቸዋልና። ቆሞ የተበላሸ ኤስካሌተር ስታገኙ ደግሞ እንደ ተራ ደረጃ አትቁጠሩት፤ እያንዳንዱ ደረጃ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ለጉልበት ከባድ ነው፤ ጫፎቹ ላይም ቁመቱ ስለሚለያይ እግር ያሳስታል።

እንግዲህ ወደ ሥራ ስለመመለስሽ እንምጣ። ስጋትሽ ከእናትሽ ይልቅ ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጅሽን ትተሽ የምትሄጂበት ቀን እየቀረበ ነው፤ ሁሉም ነገር ከዚያ በፊት እንዲስተካከል ትፈልጊያለሽ። ይህ የእናት ወግ ነው። ነገር ግን የአንቺ ቀነ ገደብ የእናትሽ ቀነ ገደብ መሆን የለበትም። ወደ አክስትሽ ለመሄድ ባቡር ግዴታ አይደለም፤ በጆርጂያ ጎዳና ከዊተን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመላለስ አውቶቡስ አለ፤ አውቶቡሱ ሲቆም መግቢያው ዝቅ ስለሚል ጋሪም አንቀልባም አያስቸግርም። በባቡር መሄድ ሲያስፈልጋቸው በአሳንሰር ይሂዱ፤ አሳንሰሩ የተበላሸ እንደሆነ የሜትሮው ድረ ገጽ አስቀድሞ ስለሚያሳውቅ፣ አንቺ ከሥራ ቦታሽ ሆነሽ አይተሽ ልትደውዪላቸው ትችያለሽ። እናትሽ ሕፃኗን በአንቀልባ አዝለው ኤስካሌተር ላይ እንዲወጡ ግን፣ በደንብ ከለመዱትም በኋላ ቢሆን፣ አልመክርሽም።

ለመጪው እሑድ ከቤት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ የአሳንሰሩ ሰልፍ ቢረዝም እንኳ ማንም ማንንም አያጣድፍም። መግቢያው ከኤስካሌተሩ ራቅ ሊል ስለሚችል፣ ቅዳሜ ብቻሽን ሄደሽ መንገዱን እዪው። እናትሽ «እናንተ ሂዱ» ካሉ ደግሞ አንቺም ቅሪና ቤት ውስጥ አብረሻቸው ጸልዪ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግመሽ ጠይቂያቸው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ያለውን አንድ የሥራ ቀን ለአውቶቡሱ መንገድ ስጪው፤ ከዊተን እስከ አክስትሽ ደጅ ከሕፃኗ ጋር አብራችሁ ሂዱና ተመለሱ፤ መውረጃውን ፌርማታ እናትሽ ራሳቸው በመረጡት ምልክት ይያዙት፤ የአንቺን፣ የባለቤትሽንና የአክስትሽን ስልክ ቁጥር በትልልቁ ጽፈሽ ቦርሳቸው ውስጥ አኑሪላቸው።